ቦሎቄ የመዘነው ሰው

ለመሆኑ ጂንን በኮምፒዩተር መፈለግ የሚባለው ነገር ከየት ጀመረ? ብዙዎቻችን ከማሽኑ የጀመረ ይመስለናል። አይደለም፤ የጀመረው ከቦሎቄ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሜንዴል አተር ወይ ክብ ነው ወይ የተጨማደደ፤ ለመቁጠር ይመቻል። የፍሬ ክብደትስ? የሰው ቁመትስ? እነዚህ በሁለት አይከፈሉም። ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ እንዲህ እንደሚሆን ፊሸር በ1918 በሒሳብ አሳየ። ግን ጂኖቹ የት የት አሉ? ሒሳቡ ይህን አልነገረንም።

በ1923 አሜሪካዊው ካርል ሳክስ ትልልቅ ባለቀለም ቦሎቄ ከትንንሽ ነጭ ጋር አዳቅሎ የልጅ ልጆቹን ፍሬ መዘነ። የቀለሙን ጂን በእጥፍ የያዙት በአማካይ 307 ሚሊግራም፣ አንድ ብቻ የያዙት 283፣ ያልያዙት 264 ሆኑ። እንግዲህ ከቀለሙ ጂን አጠገብ፣ በዚያው ክሮሞዞም ላይ፣ ክብደትን የሚነካ ጂን ተጎራብቷል ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው!

በ1989 ላንደርና ቦትስታይን በሁለት የዲኤንኤ ምልክቶች መካከል ያለውን ቦታ ጭምር የሚፈትሽ ስሌት አወጡ፤ ማፕሜከር የተባለው ፕሮግራምም ሥራውን አቀለለው። ልብ እንበል፤ ፕሮግራሙ ጂን አያሳየንም። «እዚህ አለ» እና «የለም» ከሚሉት ግምቶች መረጃው ለየትኛው እንደሚያደላ ነጥብ ይሰጣል እንጂ። ነጥቡ 3 ሲሆን 1000 ለ1 ነው። ታዲያ ብዙ ቦታ የፈለገ ሰው በአጋጣሚም ቢሆን አንድ ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ለዚህ ቸርችልና ደርጅ በ1994 መላ አመጡ፦ የተመዘኑትን ቁጥሮች እንደ መጫወቻ ካርታ በውዞ፣ ለምሳሌ 1000 ጊዜ ደጋግሞ ማስላት፤ ከአጋጣሚው የሚበልጠውን ብቻ ማመን።

እኛን ምን አገባን? ቴክሳስ ውስጥ ቢ35 የተባለችው፣ ድርቅ ሲመታት ቅጠሏ ቶሎ የማይደርቀው ማሽላ መሠረቷ የኢትዮጵያ ዘር ነው። በ2000 ግድም ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ልምላሜዋን የሚያቆዩ አራት ዋና ዋና ቦታዎች በክሮሞዞሞቿ ላይ ለዩ። ዘሩን መርጦ ያቆየው ገበሬያችን ነው፤ ካርታው የተሳለው ግን ሌላ አገር።

ዛሬስ ምን እንላለን? ከ2003 ወዲህ አር-ኪውቲኤል የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በነጻ የማይገኘው ፀሐይ ላይ ቆሞ መቁጠሩ፣ መመዘኑ፣ በትክክል መመዝገቡ ነው። መዝገባችን ውሸት ከሆነ ኮምፒዩተሩም ያንኑ ውሸት በአሥርዮሽ አሳምሮ ይመልስልናል። ሳክስ ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ ሚዛን ግን ነበረው። እስቲ እኛም ከሚዛኑ እንጀምር።