ስለ ኮድ ዓሣ ታሪክና በትምህርት ቤት ሊሰጥ ስለሚገባው ትምህርት

በ1883 ዓ.ም. (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ሃክስሊ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ ሊቅ በሎንዶን በተከፈተው የዓሣ ኤግዚቢሽን ላይ ባደረገው ንግግር፥ ኮድን የመሰለ የባሕር ዓሣ በሰው እጅ ተይዞ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስረዳ። ሊቁ ይህን ያለው ስለዚያ ዘመን የዓሣ አያያዝ መሆኑን ገልጦ ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ ሲደጋገም ኖረ፤ ገደቡ ተረሳ። እኔ እንደሚመስለኝ የኋላው ጥፋት ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በካናዳ ምሥራቅ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሕዝብ ብዙ መቶ ዓመት በትንንሽ ጀልባ ኮድን እያጠመደ፥ በጨው እያደረቀ ሲሸጥ ኖሯል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ፋብሪካና ማቀዝቀዣ በሆዳቸው የያዙ ታላላቅ መርከቦች ከአውሮፓ መጡ። ሌሊትና ቀን መረብ ሲጎትቱ ውለው እያደሩ በ1968 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ ኮድ ተያዘ። ካናዳ በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ባሕር በሥልጣኗ ሥር አድርጋ የውጭ አገር መርከቦችን አራቀች፤ ነገር ግን በእነርሱ ፈንታ የራሷን አሰማራች። በባሕሩ ዳር የሚያጠምዱት ባለ ትንንሽ ጀልባዎች «ዓሣው ጠፋ፤ የሚገኘውም ደቃቃ ሆነ» እያሉ ሲጮኹ፥ የመንግሥት ሊቃውንት ከታላላቆቹ መርከቦች የሚመጣውን ቁጥር አምነው ባሕሩ ገና ሙሉ ነው ብለው ይገምቱ ነበር። በመጨረሻ ጁላይ 2 ቀን 1992 ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማጥመዱ እንዲቆም አዘዙ። 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ ፈቱ። ለ2 ዓመት የታሰበው እገዳ 32 ዓመት ቆየ፤ በ2024 ሲነሣም ለዓመቱ የተፈቀደው 18,000 ቶን ብቻ ነበረ።

ይህ ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሰጥ፥ ዓመተ ምሕረቱን በቃል ከማጥናት ይልቅ በባቄላ ማየት ይሻላል። በአንድ ሳህን 20 ባቄላ ይደረግ፤ ሳህኑ ከዚያ በላይ አይችልም እንበል። 4 ተማሪዎች ያጥምዱ፤ ከእነርሱ የተረፈው በየዓመቱ እጥፍ ይሁን። እያንዳንዱ 2 ቢወስድ 12 ይተርፋል፥ እጥፍ ሲሆንም ሳህኑ ዳግመኛ ይሞላል፤ እንዲህ እያለ ይኖራል። እያንዳንዱ 3 ቢወስድ ግን 8 ተርፎ 16 ይሆናል፥ ከዚያም 4 ተርፎ 8 ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመት ለአራቱ አይበቃም። ልዩነቱ አንዲት ባቄላ ናት! ደግሞም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉ የሚያመሰግነው 3 የያዘውን ነው።

«ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር ጣናን ያስብ። በጣና ከሚኖሩት ዓሦች አንዳንዶቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ አጥማጆችም ይህን ዐውቀው በወንዙ አፍ መረብ ይዘረጉባቸዋል። መምህሩ ይህን በሳህኑ ለማሳየት ቢፈልግ፥ ከተረፉት ባቄላዎች ግማሾቹ ብቻ እጥፍ እንዲሆኑ ያድርግ። ያን ጊዜ 2፥ 2 የወሰዱት እንኳ በ5ኛው ዓመት ይጎድልባቸዋል።