ልጥ ማረፊያ የተቀበረው ምዕራፍ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተከታትለው ይመጡ ነበር፤ የኢንዱስትሪ አብዮት፣ የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለም እና ብሔርተኝነት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ከመረዳት ይልቅ መሸምደድ ይቀለን ነበር። መጨረሻቸው “ኢዝም” የሆኑትን ቃላት እንደ ዳዊት ደገምናቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ጣታችንን ሲያደነዝዘው፣ እኛ የማዚኒን፣ የካቩርንና የጋሪባልዲን ስም በደብተራችን እንደረድር ነበር። ፈተናው አለፈ፤ ስሞቹም አብረው አለፉ።

ያ ምዕራፍ የሚያበቃው ሮም ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 የኢጣልያ መንግሥት ታወጀ፤ በ1870 ሮም ተያዘች፤ የተበታተነው ሕዝብ አንድ ሆነ። መጽሐፉ አራት ነጥብ አኑሮ ወደ ጀርመን ተሻገረ። ከዓመታት በኋላ ነው፣ አንኮበር ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት፣ ታሪኩ እዚያ እንዳላበቃ የገባኝ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ልጥ ማረፊያ የሚባል ስፍራ አለ። የዚያ ምዕራፍ ቀሪ ገጽ የተቀበረው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የልዑካን ቡድን ሸዋ ገባ። መሪው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ አዕዋፍና እንስሳት የሚያጠና ሰው ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልጥ ማረፊያን ለምርምር ጣቢያ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ።

ይህ ሽማግሌ ግን የወፍ አጥኚ ብቻ አልነበረም። በ1848 ለኢጣልያ ነጻነት መሣሪያ አንሥቶ የተዋጋ፣ በ1849 ማዚኒ ከመሪዎቹ አንዱ በነበረበት የሮም ሪፐብሊክ ጎን የቆመ፣ ሪፐብሊኩ ሲወድቅም ለስደት የተዳረገ ሰው ነበር። እኛ በብርድ የሸመደድነውን ምዕራፍ እርሱ በሥጋው ኖሮታል።

በ1879 ደግሞ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ወደ ሸዋ መጣ። የካርዲናል ጃኮሞ አንቶኔሊ የወንድም ልጅ ነው። ካርዲናሉ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ቀኝ እጅ፣ የሮም ሪፐብሊክም ሆነ የኢጣልያ አንድነት ብርቱ ተቃዋሚ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሮም አደባባይ ደም የተቃባው ወገን በአንኮበር ግርጌ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኘ። በአገር ቤት ያላስታረቃቸውን ጉዳይ የባሕር ማዶው ጉዞ አስረሳቸው።

ለመሆኑ ወደዚህ ምን አመጣቸው? እዚህ ላይ ነው የኢኮኖሚው ምዕራፍ የሚገባው። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ተከፈተ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሩባቲኖ ለተባለው የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ተገዝቶ ነበር። የእንፋሎት መርከብ ከሰል ይበላል፤ ከሰል ማከማቻ ይሻል፤ ማከማቻው ወደብ ሲሆን ወደቡ ከጀርባው ገበያ ይፈልጋል። ከአሰብ ጀርባ ያለው ገበያ ደግሞ ሸዋ ነበር። በ1882 የኢጣልያ መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ፤ በማግስቱ ዓመት አንቶኔሊ ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ምኒልክም የሚሹትን ያውቁ ነበር፤ ጠመንጃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አንቶኔሊ ያስፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ሁለት ምላስ አወጣ፤ አማርኛው የፈቀደውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መልሱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰጠ። ከአርባ ዓመት በኋላ ኢጣልያ ዳግመኛ መጣች፤ በሸዋ ቀድመው ከሸፈቱት አርበኞች አንዱ ኃይለ ማርያም ማሞ በ1930 ዓ.ም. ወደቁ። ዛሬ በደብረ ብርሃን በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ።

መጽሐፋችን ብሔርተኝነት የተበተነውን ይሰበስባል ይል ነበር። እውነት ነው፤ ሰብስቧል። እኛ ያልጠየቅነው፣ ማንም ያላስጠየቀን፣ ከተሰበሰበ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በባዕድ አገዛዝ መመራትን ውርደት ብሎ የሸፈተ ትውልድ፣ ገና ሽበቱ ሳይረግፍ የሰውን አገር በር ሲያንኳኳ ተገኘ። ስለ አንቲኖሪ ክፉ መናገሬ አይደለም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ለነጻነቱ የተዋጋበት ልብ ግን ከድንበሩ ማዶ ሌላ ልብ እንዳለ ያስተማረው አይመስልም።

ይህን የምጽፈው ለጣልያን ብዬ አይደለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ጭሱን ያየን፣ ቤት ንብረታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ሲጎርፉ የተቀበልን እኛ ነን። ሁሉም ወገን “ለሕዝቤ” ብሎ ሲነሣ ሰምተናል። ያን ጊዜ ያ የድሮ የፈተና ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ “ብሔርተኝነት ምንድን ነው? ሁለት ውጤቶቹን ጥቀስ።” እኔ የጻፍኩት አንድነትንና ነጻነትን ነበር። ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ዛሬ ወረቀቱ ቢመለስልኝ ሦስተኛ መስመር እጨምርበት ነበር፤ ልጥ ማረፊያ ብዬ።

የራሱን ቀንበር ሰብሮ የጣለ ትከሻ፣
ለሌላው እንዳይሆን የቀንበር መነሻ፣
ጠይቅ አንተ ተማሪ ደወሉ ሳይጠራ፣
ነጻነት ዘር ከሆነ ለማን እንደሚያፈራ።