«ወህኒ»፣ «ቁራኛ»ና «አካልን ነጻ ማውጣት»

ሰውን ከፍርድ በፊት አስሮ የማቆየት ታሪክ በሦስት የአማርኛ ስያሜዎች ተመዝግቦ ይገኛል።

«ወህኒ» ቀድሞ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ አምባ የተጸውኦ ስም ነው። በጎንደር ዘመን የነጋሢ ልጆች ዘውድ ይሻማሉ ተብለው ስለሚፈሩ ያለ ክስና ያለ ፍርድ በዚያ ይጠበቁ ነበር። ዐፄ በካፋ በ1713 ዓ.ም. ከዚሁ አምባ ወርደው ነገሡ። በኋላም የቦታው ስም ከቆላ ድባ እስከ አዲስ አበባ የማናቸውም እስር ቤት መጠሪያ ሆነ።

«ቁራኛ» የተለየ ሥርዓት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንድ ላይ ተቆራኝተው ይቆዩ ስለ ነበር እስሩ ራሱ ወደ ችሎት ያደርስ ነበር።

«አካልን ነጻ ማውጣት» በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 177 ተደንግጓል። የላቲኑ «ሀቤአስ ኮርፑስ» መነሻው ለአሳሪው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፦ እስረኛውን አቅርብ፤ ያሰርህበትንም ምክንያት አስረዳ። የአማርኛው ስያሜ ውጤቱን ስለሚገልጽ የአሳሪው ተጠያቂነት በቃሉ ውስጥ አይታይም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ሳቢያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ሲፈቅድ የታጎለው ይኸው ተጠያቂነት ነው። ስያሜው በሕግ ስለ ጸና ይቆይ፤ በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ግን «አቅርቦ ማስረዳት» የሚለው ፍች ከመፈታት ይቅደም።