ሰባት ቤት ያልተቆጠረላት ድመት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜሪላንድ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ አንዲት ጎረቤት ባልቴት ድመታቸውን ታቅፈው ቡና ሊጠጡ መጡ። «ያገርህ ልጅ ናት፤ አቢሲኒያን ናት» አሉኝ። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ጸጉሯ እንደ ሚዳቋ ዳማ። ደስ ብሎኝ «ውሮ! ውሮ!» አልኳት። ወደ ድምፄ ስትመጣ የጠረጴዛውን እግር በግንባሯ ገጨችው። «ዓይኗ ጠፍቷል። ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ በዘር የመጣ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

በስማችን የተጠራች ናትና ነገሩን ሳልከታተለው አልቀረሁም።

የናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868፣ በእኛ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲመለስ ብራናውንም፣ ታቦቱንም፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄዷል። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ፣ የአንድ ሻምበል ባለቤት ከዚያው ዘመቻ ያመጧት ስለተባለች «ዙላ» ስለምትባል ድመት ጻፈ። ዙላ እንግሊዞቹ የወረዱበት የቀይ ባሕር ወደብ ነው። የመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያለችው ድመት ግን ጆሮዋ ትንንሽ ነው፤ የዛሬዎቹን አትመስልም። ላይደን ሙዚየም ውስጥ ደግሞ በ1830ዎቹ የተገዛች፣ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠ፣ የነዚህኑ ጸጉር ያላት ድመት አለች። የተጻፈባት «የህንድ የቤት ድመት» ተብሎ ነው! የዘር ጥናትም የሚያመለክተው ወደዚያው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ስሙን እኛ ሰጠን እንጂ ዘሩስ ከሌላ ሳይሆን አይቀርም።

በሽታው ግን የአርቢዎቹ ሥራ ነው። የኛ ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጥራል። የዘር ድመት አርቢ የሚቆጥረው በተቃራኒው ነው፤ ያችው መልክ እንዳትጠፋ ዘመድን ከዘመድ ያዳቅላል። በዚያ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሲያበቃ እንግሊዝ አገር የቀሩት አንድ ደርዘን ያህል ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ከእነሱው ተራቡ። ይህ የዓይን በሽታ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከተወረሰ ተደብቆ ይኖራል፤ ድመቷም ጤነኛ ናት። ከሁለቱም ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። ግልገሏ ስትወለድ አጥርታ ታያለች፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመቷ ባለው ጊዜ ግን ብርሃኗ ቀስ በቀስ ይከስማል። እናቷና አባቷ ሁለቱም የተደበቀውን ከያዙ ከአራት ግልገል አንዱ እንዲህ የመሆን ዕድል አለው።

ስዊድን ውስጥ ክርስቲና ናርፍስትሮም የተባሉ የእንስሳት ሐኪም በሽታውን ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እሳቸው ያሉበት ቡድን ጥፋቱ ያለበትን ዘረመል አገኘው። በሰው ልጅም ላይ ሲበላሽ ሕፃናትን የሚያሳውረው ይኸው ዘረመል ነው። በዚያው ዓመት ሙሉ ዘረመሏ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበላት ድመትም ሲናሞን የምትባል አቢሲኒያን ነበረች፤ የዘር ሐረጓ ከስዊድን ይመዘዛል። ዛሬ ከጉንጭ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ለምርመራው ይበቃል።

ባልቴቷን «አርቢው አስመርምሮ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አላወቁም። በምትኩ ቤታቸው ሄደው በፕላስቲክ የተሸፈነ የዘር ሐረግ ወረቀት አመጡልኝ፤ አምስት ትውልድ፣ በወርቃማ ቀለም። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። በአባቷ በኩል ቅድመ አያት የሆነው ወንድ፣ በእናቷ በኩል አያት ሆኖ እንደገና ተጽፏል።

«ስሙ ያምራል አይደል?» አሉኝ።