የሦስት ዶላር ጫማ እና የሳንሱር መቀስ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅቷ ማታ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ጫማዋን ነው። ሶሉ አልቋል። ካርቶን በጫማዋ ልክ ትቆርጥና ውስጡ ታነጥፋለች። በማግስቱ ዝናብ ይጥላል፣ ካርቶኑ ይርሳል፣ ይበሰብሳል። ማታ ሌላ ካርቶን ትቆርጣለች።

ስሟ ኢቫ ነው። ርካሽ ዕቃ በሚቸረቸርበት ሱቅ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። በሳምንት የምታገኘው 5 ዶላር ነው፤ እሱንም አምጥታ ለእናቷ ታስረክባለች። ከሥሯ ታናናሽ እህቶች አሉ። አባቷ ሥራ ፈትቶ አልጋ ላይ ተጋድሞ ልብ ወለድ ያነባል። በየቀኑ በምታልፍበት መንገድ፣ በሱቅ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጫማ አለ። ዋጋው 3 ዶላር። እናቷ ልትገዛላት ቃል ትገባለች፤ ግን የቤት ኪራዩ አለ፣ የሥጋው ሒሳብ አለ፣ የጫማው ተራ አይደርስም።

በመጨረሻ ኢቫ ሲያባብላት ከቆየ አንድ የምሽት ክበብ ዘፋኝ ጋር ትሄዳለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ አዲስ ጫማ አድርጋለች። እናት ጫማውን ታያለች፤ ነገሩ ይገባታል። ሁለቱም ያለቅሳሉ። አባትየው ሥራ ማግኘቱን የሚያበስረው ያን ጊዜ ነው።

ይህ በ1916 ለእይታ የበቃው «ጫማ» የተባለው የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልም ታሪክ ነው። ያዘጋጀችው ሎይስ ዌበር ትባላለች። ፊልሙ ልጅቷን አይሰድባትም፣ አያሞግሳትም። ካሜራው ዝቅ ብሎ እግሯን ያሳያል። «ይህች ልጅ ለምን ወደቀች?» ብሎ ለሚጠይቅ ተመልካች መልሱ በቁጥር ቀርቦለታል፦ ደመወዟ 5 ዶላር፣ ጫማው 3 ዶላር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ድምፅ አልባ ፊልም ሲባል የሚመጣለት ባርኔጣና ከዘራ፣ የሚሮጥ ፖሊስ፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ ኬክ ነው። ይሁንና የሆሊዉድ የሳንሱር ደንብ ከመጥበቁ በፊት፣ በተለይ ከ1913 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት፣ የአሜሪካ ሲኒማ ስለ ድህነት፣ ስለ ሴተኛ አዳሪነት፣ ስለ ኦፒየም ሱስ፣ ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥና ስለ ሞት ቅጣት በግልጽ የሚናገር መድረክ ነበር። በ1913 ሴቶችን እያታለሉ ለዝሙት ስለሚሸጡ ደላሎች የተሠራው «የነፍስ ንግድ» ብዙ ሕዝብ አየው። በ1914 ስለ ቂጥኝ የሚያወራ ድራማ ታየ። ዌበር ራሷ በ1916 ብቻ ስለ ኦፒየም፣ ስለ ሞት ፍርድና ስለ ወሊድ ቁጥጥር ፊልሞች ሠራች።

ይህች ሴት ከሃይማኖት የሸሸች ዐመፀኛ አልነበረችም። በ1879 በፔንሲልቬንያ የተወለደች፣ በወጣትነቷ በየመንገዱ እየዘመረች ወንጌል የሰበከች ሴት ናት። ወደ ፊልም ስትገባም ስብከቷን ለብዙ ሕዝብ የምታደርስበት መድረክ ያገኘች መሰላት። በ1916 በዩኒቨርሳል ኩባንያ ከፍተኛ ተከፋይ ከሆኑት ዳይሬክተሮች አንዷ ነበረች። ሳንሱሩ ቶሎ ከነካቸው ሰዎች መካከል አንዷ ሰባኪ መሆኗ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

*

ፊልምን መፍራት ከፊልም ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው በድምፅ አልባው ዘመን የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ ይታወቃል። አሜሪካኖቹም ከዚህ የተለየ ስሜት አልነበራቸውም። በ1907 የቺካጎ ከተማ ማንኛውም ፊልም ከመታየቱ በፊት የፖሊስ አዛዡን ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች። በ1908 የፈረንጆች ገና ዋዜማ የኒው ዮርክ ከንቲባ የከተማዋን ፊልም ቤቶች ፈቃድ በአንድ ትእዛዝ ሰረዘ። ቀጥሎ ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮና ካንሳስ የየራሳቸውን የሳንሱር ቦርድ በሕግ አቋቋሙ።

ፍርሃቱ ለምን በረታ? ምክንያቱ የተመልካቹ ማንነት ነው። ቲያትር ቤት የሚገባው ገንዘብ ያለው ነበር፤ መጽሐፍ የሚያነበው የተማረው ነበር። ፊልም ቤት ግን በ5 ሳንቲም የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከመርከብ የወረደው ስደተኛ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው፣ ሴቱና ሕፃኑ ጭምር ይገባሉ። በመጽሐፍ ሲወጣ ማንንም ያላስደነገጠ ሐሳብ በጨለማ አዳራሽ ለድሃ ሲነገር አደገኛ ሆኖ ታየ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሚውቹዋል የተባለው የፊልም ኩባንያ የኦሃዮን ሳንሱር ከሰሰ፤ መከራከሪያውም ፊልም እንደ ጋዜጣ ሁሉ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ሊጠበቅለት ይገባል የሚል ነበር። በየካቲት 1915 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ክርክሩን ጣሉት። ፊልም ማሳየት ንግድ ነው፣ የፕሬስ አካል አይደለም፣ ለክፋት የመዋል ዐቅምም አለው አሉ። ይህ ፍርድ እስኪሻር ድረስ 37 ዓመት ፈጀ፤ የተሻረው በ1952 ነው።

በዚያው በ1915 የዌበር «ግብዞች» የተሰኘ ፊልም በየከተማው ይታይ ነበር። አንድ መነኩሴ የእውነትን ሐውልት ራቁቷን አድርጎ ይቀርጻል፤ ሐውልቱ ሲገለጥ ሕዝቡ ተቆጥቶ ይገድለዋል። ከዚያ እውነት ራሷ መስታወት ይዛ በዘመኑ ሰዎች መካከል ትዞራለች፤ ለፖለቲከኛው፣ ለባለጸጋው፣ ለቤተ ክርስቲያን ተሳላሚው እውነተኛ መልካቸውን ታሳያለች። የእውነትን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ተዋናይት በስሱ የምትታይ ራቁት ጥላ ነበረች። ኦሃዮ ፊልሙን ከለከለችው። የቦስተኑ ከንቲባ ደግሞ በእያንዳንዱ የፊልም ክፈፍ ላይ ለእውነት ልብስ ይሣልላት ማለቱ ይነገራል። ፊልሙ ስለ ግብዝነት ነበር፤ ሹሞቹ በቁጣቸው የመጨረሻውን ትዕይንት የጨመሩለት ይመስላል።

*

በቀጣዩ ዓመት ዌበር ከዚህም የከበደ ነገር አነሣች። «ልጆቼ የት አሉ?» የተባለው ፊልሟ ልጅ የሚናፍቅ አንድ ዐቃቤ ሕግ ታሪክ ነው። ሰውየው ፅንስ በማስወረድ የተከሰሰን ሐኪም ፍርድ ቤት ያቆማል፤ ከሐኪሙ መዝገብ ላይ ግን የገዛ ሚስቱንና የጓደኞቿን ስም ያገኛል። በፊልሙ መጨረሻ ባልና ሚስት ምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲያረጁ፣ ያልተወለዱት ልጆች እንደ ጥላ ሆነው በዙሪያቸው ይታያሉ።

ፊልሙ ፅንስ ማቋረጥን ያወግዛል፤ ለድሆች ግን ወሊድን የመቆጣጠሪያ ዕውቀት ይሰጣቸው ይላል። ያኔ ይህን ዕውቀት በጽሑፍ ማሠራጨት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነበር። በፊልሙ ውስጥ በዘመኑ ይስፋፋ የነበረው «ዘር የማሻሻል» አመለካከትም አለበት፤ ዛሬ ሲያዩት ይቀፋል። እንከን የሌለበት ሥራ አልነበረም። ሆኖም ሰው በየቤቱ በሹክሹክታ የሚያወራውን በአደባባይ ያነጋገረ ሥራ ነበር። የፔንሲልቬንያ ቦርድ አገደው፤ በሌሎች ከተሞች ሕዝቡ ተሰልፎ አየው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሳንሱር ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ ታሪኩ ግን ቀላል መልስ አይሰጥም። ፍርድ ቤቱ ያን ውሳኔ ባሳለፈበት በዚያው ወር የዴቪድ ግሪፊዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» ለእይታ በቅቷል። ፊልሙ ጥቁሮችን እንደ አውሬ፣ ኩ ክለክስ ክላንን እንደ አዳኝ ጦር ያሳያል። በዋይት ሀውስ ሳይቀር ታየ። በዓመቱ መጨረሻ ጠፍቶ የነበረው ክላን ጆርጂያ ውስጥ እንደ አዲስ ተመሠረተ፤ ፊልሙንም ለዓመታት ለአባላት መመልመያ ተጠቀመበት። የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ማኅበር ፊልሙ እንዲታገድ በየከተማው ታገለ። የሚያውቁት ነገር ነበር፤ የፊልም ጥላቻ ከመጋረጃው ወርዶ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ያውቁ ነበር። ጥያቄያቸውን ቅንጦት ሊለው የሚችል የለም።

ግን መቀሱ ለማን ሠራ? ኦሃዮና ካንሳስ ፊልሙን ቢያግዱትም በአብዛኛው አገር ታየ፤ የዘመኑ ትልቅ ገቢ አስገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጥቁሩ ዳይሬክተር ኦስካር ሚሾ «በደጃፋችን ውስጥ» የተባለ ፊልም ሠራ። በእሱ ፊልም ላይ ጥቁር ቤተሰብ በነጮች መንጋ ሲሰቀል ይታያል፤ ነጭ ሰው ጥቁር ሴት ሊደፍር ሲታገል ይታያል። ይህ በአገሪቱ በተግባር ይፈጸም የነበረ ነገር ነው። ፊልሙ በ1920 መጀመሪያ ቺካጎ ሲደርስ ሳንሱሮቹ ደነገጡ። ከወራት በፊት በከተማዋ በተነሣው የዘር ግጭት 38 ሰው ሞቶ ስለነበር ፊልሙ ሁከት ይቀሰቅሳል ብለው ፈሩ። ተከራክረው፣ ቆራርጠው አሳለፉት። በሌሎች ከተሞችም እየተቆረጠ ዞረ።

ሁለቱ ፊልሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሳንሱር ጠባይ ይታያል። የሳንሱር ቢሮ ብዙ ጊዜ «ይህ ውሸት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህ ሰላም ይነሣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰላም የሚነሣው ደግሞ ማንን ነው ሲባል መልሱ ሁልጊዜ ጉልበት ያለውን ነው። ስለ መሰቀል የተነገረ ውሸት የብዙኃኑን እንቅልፍ አልነሣም። ስለ መሰቀል የተነገረ እውነት ግን ነሣ።

*

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሆሊዉድን ተከታታይ ቅሌቶች አናወጡት። የፊልም ባለሀብቶቹ መንግሥት ገብቶ ሳይቆጣጠራቸው ራሳቸው ለመቆጣጠር ወሰኑ። በ1922 የፖስታ ሚኒስትር የነበረውን ዊል ሄይስን አምጥተው የማኅበራቸው አለቃ አደረጉት። በ1927 11 ፈጽሞ የማይነኩ፣ 25 ደግሞ በጥንቃቄ የሚያዙ ጉዳዮች ዝርዝር ወጣ። ከማይነኩት መካከል የሴቶች ንግድ፣ የአባላዘር በሽታ፣ የወሊድ ትዕይንትና በነጭና በጥቁር መካከል የሚፈጠር ፍቅር ይገኙበታል። በ1930 ሙሉ ደንብ ተጻፈ፤ በ1934 ደግሞ የካቶሊክ ማኅበራት የፊልም ቤት እቀባ እናደርጋለን ብለው ሲያስፈራሩ ጥርስ ያለው ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ያለ ማኅተሙ ፊልም የሚያሳይ አባል ኩባንያ 25,000 ዶላር ይቀጣል። ይህ ሥርዓት እስከ 1968 ዘለቀ።

በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ልብ ማለት ይገባል። የሴቶች ንግድ በፊልም ተከለከለ፤ በከተማው ግን ቀጠለ። ቂጥኝ ከመጋረጃው ጠፋ፤ ከሆስፒታሉ አልጠፋም። ዘር ተሻግሮ መዋደድ እንደ ነውር ሲቆጠር፣ ነውሩ የከልካዮቹ መሆኑን የሚያሳይ ሥራ አብሮ ተከለከለ። ኃጢአቱ ባለበት ቆየ፤ የጠፋው ስሙን የሚጠራው ሰው ነው።

ዌበርም ከመድረኩ እየራቀች ሄደች። ምክንያቱ ሳንሱር ብቻ አይደለም። ስቱዲዮዎቹ እየገዘፉ፣ የባንክ ገንዘብ እየገባ ሲሄድ ሴት ዳይሬክተሮች በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ተገፍተው ወጥተዋል፤ የእሷም ስብከት የዘመኑ ወጣት አላማረውም። በ1932 ዩኒቨርሳል ያንኑ «ጫማ» የተባለ ፊልሟን ቆራርጦ፣ የሚያሾፍ ተራኪ ጨምሮበት፣ ለሣቅ የሚሆን አጭር ፊልም አደረገው። አዳራሹ በኢቫ ካርቶን ሳቀ። በአሜሪካ ሚሊዮኖች ሥራ አጥተው ዳቦ ለመቀበል በሚሰለፉበት በዚያ ዓመት። ዌበር በ1939 ስትሞት ድሃ ነበረች።

*

የቀረውን ጊዜ ጨረሰው። የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ በራሱም እየሟሟ ወደ ዱቄትነት የሚለወጥ ነገር ነው። ስቱዲዮዎቹ ደግሞ አሮጌ ፊልም ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም ብለው አስወገዱት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ የአገሪቱ ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ከተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት በባዕድ አገር ነው። የሚሾ ፊልም ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ስፔን ውስጥ በሌላ ርዕስ ተገኘ፤ አሜሪካኖች አድሰው ያወጡት በ1993 ነው። የዌበር «ጫማ» ደግሞ ተጎሳቁሎ በኔዘርላንድስ የፊልም ማኅደር ቆየ፤ እዚያው ታድሶ እንደገና ለእይታ በቃ። የራሳቸው አገር የቆረጠውን፣ የጣለውን፣ የሳቀበትን ሌላ አገር በመጋዘኑ አቆየላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለፊልም ግን ቀኑ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይሟሟል፤ የሚጠራው አንድ ሰው ቆርቆሮውን ከፍቶ ካዳነው ብቻ ነው። መቀስ የያዙት ሰዎች ስም ዛሬ በምርምር መጻሕፍት ግርጌ ካልሆነ የሚያነሣው የለም። ኢቫ ግን በአምስተርዳም መጋረጃ ላይ ዛሬም ካርቶን ትቆርጣለች፤ ደመወዟ 5 ዶላር፣ ጫማው 3 ዶላር።