የዩኒቨርሲቲ አሳታሚና የአገር ጸሐፊ

ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ አንባቢ ሆኖ ይኖራል ማለት አይደለም። የተዘራ ዘር ዝናም ካላገኘ እንደሚመክን፥ ማንበብ የተማረ ሰውም የሚያነበው መጽሐፍ ካላገኘ የተማረውን መልሶ ይረሳዋል። ስለዚህ የፊደልን ነገር ስናነሣ የመጻሕፍትን ኅትመት ነገር አብረን ማንሣት ይገባናል።

የወሎ አገር ለመጽሐፍ ባዕድ አይደለም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውርጌሳ ከመድረሱ አስቀድሞ ሐይቅን ያገኛል። በዚያ በሚገኘው በእስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ነገር ግን በብራና ላይ በእጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ድካሙ ብዙ፥ ቍጥሩም ጥቂት ስለ ሆነ ለሕዝብ ሁሉ ሊዳረስ አልቻለም።

ኅትመትም ቢሆን በቶሎ አልተስፋፋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን ድርሰታቸውን በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት በሮማ ከተማ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን ያገራችን ጸሐፊ ሥራውን ባገሩ ለማሳተም መንገድ አገኘ።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያም የራሱን የመጻሕፍት አሳታሚ ክፍል አቋቋመ። ይኸውም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የሚባለው ነው። ነጋዴ አሳታሚ «ይሸጣልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህም አይነቀፍም፥ ኪሣራው የራሱ ነውና። የዩኒቨርሲቲ አሳታሚ ግን «ቢጠፋ ምን ይጐድለናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፥ እንዲሁም ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያዩትንና የሰሙትን የመዘገቡበት መጽሐፍ፥ ጸሐፊዎቹ ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚሁ ፕሬስ ታትመው ለሕዝብ ደረሱ። እጅ ጽሑፎቹ በሣጥን ቢቀሩ ኖሮ የዚያን ዘመን ታሪክ በከፊል ባጣን ነበር።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቈጥሯል። ዘመቻ ግን ያልፋል፤ የተማረውን ሰው ዕውቀት የሚያጸናው ከዘመቻው በኋላ በእጁ የሚገባው መጽሐፍ ነው። ገበሬው የራሱን አገር ታሪክ፥ የራሱን ምሳሌና ተረት በመጽሐፍ ሲያገኘው ንባብን ይወዳል።

እንግዲህ ከውርጌሳ በስተሰሜን፥ በወልድያ፥ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሀብሩና የመርሳ ሽማግሌ የሚያውቀው ታሪክ፥ የገጠር መምህር በደብተሩ የጻፈው ድርሰት ወደ አዲስ አበባ እስኪሄድ ድረስ ሊጠበቅ አይገባውም። መምህራን ይሰብስቡት፥ ሊቃውንት ይመርምሩት፥ ዩኒቨርሲቲውም ዋጋው ባልከበደ መጽሐፍ እያሳተመ ለየትምህርት ቤቱ ያድርሰው። ሽማግሌ በሞተ ቍጥር ያልተጻፈ መጽሐፍ አብሮት ይቀበራልና፥ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።