የጥቅል መከታተያ ገጽ ምን ይመዘግባል? ርክክብ፣ ዝምታና የአዲስ አበባው ተቀባይ

ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ወደ አዲስ አበባ ጥቅል የላከ ሰው የመከታተያ ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገብቶ ሲያይ፣ ገጹ ዕቃው አሁን ያለበትን ቦታ የሚነግረው ይመስለዋል። ገጹ ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባርኮዱ የተነበበበትን ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። የኢንተርኔት መከታተያ በመሠረቱ የርክክብ መዝገብ ነው፤ ጥንካሬውም ሆነ ጉድለቱ መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።

መዝገቡ ራሱ ከኮምፒውተር በፊት ነበረ። የአደራ ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ በየጣቢያው እየተፈረመበት ይጓዝ ነበር። ፊርማዎቹን የሚያዩት ግን ፖስታ ቤቶቹ ብቻ ነበሩ። መዝገቡን ለደንበኛው በመክፈት ረገድ ቀዳሚውን ቦታ የያዙት የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ናቸው። ፌዴክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ኮስሞስ የተባለ ማዕከላዊ የኮምፒውተር ሥርዓት ዘረጋ፤ በ1986 በእጅ የሚያዝ የባርኮድ ማንበቢያ ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1994 ደግሞ ደንበኛው ራሱ በድረ ገጽ እንዲከታተል አደረገ። አውሮፕላኑም፣ መኪናውም፣ መጋዘኑም የአንድ ድርጅት ስለነበሩ መዝገቡን አንድ ማድረግ አላስቸገረም።

የፖስታ ነገር ከዚህ ይለያል። እያንዳንዱ አገር የራሱ ፖስታ፣ የራሱ ጉምሩክ፣ የራሱ ኮምፒውተር አለው። እነዚህን የሚያግባባቸው እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1908 ጀምሮ አባል ናት። ኅብረቱ ያወጣው ኤስ10 የተባለው ደረጃ ለእያንዳንዱ ዕቃ 13 ምልክቶች ያሉት መለያ ይሰጣል። መጀመሪያ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያመለክቱ 2 ፊደላት ይመጣሉ፤ ለምሳሌ በአር የሚጀምር የአደራ ደብዳቤ፣ በሲ የሚጀምር ጥቅል፣ በኢ የሚጀምር ኢኤምኤስ የተባለው ፈጣን የፖስታ አገልግሎት ነው። ቀጥሎ 8 ተከታታይ አኃዞች፣ ከዚያ 1 ማረጋገጫ አኃዝ፣ በመጨረሻም የላኪው አገር 2 ፊደላት ይከተላሉ። ከኢትዮጵያ የተላከ ዕቃ ኢቲ ብሎ ይጨርሳል።

ማረጋገጫውን አኃዝ ጠጋ ብለን ብናየው አይከፋም። 8ቱ አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ይባዛሉ፤ ድምሩ ለ11 ይካፈላል፤ ቀሪው ከ11 ይቀነሳል። ውጤቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ 5 ይጻፋል። ለምሳሌ የ12345678 ድምር 204 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ ከ11 ላይ 6 ሲቀነስ 5 ይሆናል። አሁን የመጨረሻዋን 8 በስሕተት 4 ብለን ብንጽፋት ድምሩ 176 ይሆናል፤ ይህም ለ11 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ማረጋገጫው በደንቡ መሠረት አሁንም 5 ነው። ስለዚህ ስሌቱ አብዛኛውን የአጻጻፍ ስሕተት ቢይዝም ሁሉንም አይዝም። ቁጥሩ እውነተኛ ዕቃ ያለው መሆኑንማ ከነጭራሹ አያረጋግጥም። «ጥቅልዎ ጉምሩክ ተይዟል፣ ክፍያ ይላኩ» እያሉ በስልክ መልእክት የሚያጭበረብሩ ሰዎችም ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር መፍጠር አያቅታቸውም።

ፖስታዎቹ እርስ በርስ የሚለዋወጧቸው ዋና ዋና የክስተት መልእክቶች ከኤ እስከ አይ በፊደል የተለዩ ናቸው። ኤ ዕቃው ከላኪው መረከቡ፣ ቢ በላኪው አገር የልውውጥ ጽሕፈት ቤት መድረሱ፣ ሲ ከዚያ መውጣቱ፣ ዲ በተቀባዩ አገር የልውውጥ ጽሕፈት ቤት መድረሱ ነው። ኢ በጉምሩክ መያዙን፣ ኤፍ ከልውውጥ ጽሕፈት ቤቱ መውጣቱን፣ ጂ ማደያው ፖስታ ቤት መድረሱን፣ ኤች ሊታደል ተሞክሮ አለመሳካቱን፣ አይ ለተቀባዩ መሰጠቱን ይናገራሉ።

ላኪውን እንቅልፍ የሚነሳው በሲ እና በዲ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ዕቃው በዚያ ጊዜ በአየር መንገድ እጅ ነው። አየር መንገዱና ፖስታው የየራሳቸው መልእክት ቢለዋወጡም፣ ይህ በአብዛኛው በደንበኛው ገጽ ላይ አይወጣም። ከዚህ የባሰ ግን አንድ ነገር አለ። ጥቅሎች በከረጢት ይታሸጋሉ፤ ከረጢቱ 29 ምልክቶች ያሉት የራሱ መለያ አለው፤ የእያንዳንዱ ጥቅል ቁጥርም ከዚሁ መለያ ጋር በኮምፒውተር ይያያዛል። ከረጢቱ ሲወጣ በውስጡ አሉ የተባሉት ሁሉ «ወጥቷል» ይባላሉ። አንድ ጥቅል ከተመዘገበ በኋላ በስሕተት ወደ ሌላ ከረጢት ቢገባ ወይም ቢወድቅ፣ ገጹ መውጣቱን ይመሰክራል፤ ጥቅሉን ያየ ሰው ግን የለም። «ወጥቷል» የሚለውን ቃል እንደ ዓይን ምስክርነት መውሰድ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ፖስታዎች በሰው እጅ የተነበበውንና ከከረጢቱ የተወረሰውን ክስተት በገጻቸው ላይ ለይተው ማሳየት አለባቸው። መረጃው በእጃቸው ነው፤ የሚቀረው ማሳየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ አገራችን ውስጥ ነው። ከላይ ያየነው የክስተቶች ቅደም ተከተል ፖስተኛ የቤት ቁጥር ፈልጎ በር ያንኳኳል የሚል ግምት ያለው ይመስላል። በኢትዮጵያ ግን ደብዳቤና ጥቅል በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ወይም በመስኮት ርክክብ ነው። ስለዚህ ጂ የሚለው ክስተት፣ ማለትም «ማደያው ፖስታ ቤት ደርሷል»፣ በሌላ አገር መሸጋገሪያ ሲሆን እኛ ዘንድ ወሳኝ ነጥብ ይሆናል፤ ተቀባዩ መታወቂያውን ይዞ መነሳት ያለበት በዚያ ሰዓት ነውና። ገጹን የሚከታተለው ግን ብዙውን ጊዜ ባሕር ማዶ ያለው ላኪ ነው። ልጅ ሪያድ ሆና ጥቅሉ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት መድረሱን ታያለች፤ እናቷ ግን ደውላ እስክትነግራቸው ድረስ አያውቁም። ብዙ ወገኖቻችን ዛሬም ዕቃ «በሰው እጅ» መላክን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ መንገደኛው ቢያንስ ስልክ ይደውላል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከመጋቢት 2021 ጀምሮ፣ የፖስታ ዕቃ መረጃ ከዕቃው ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲላክ አስገድደዋል። ደንቡ የወጣው ለደኅንነት ሲባል ነው፤ መረጃው የሚሞላበት የጉምሩክ ቅጽ ግን የተቀባዩን ስልክ ቁጥር የሚይዝ ቦታ አለው። ያ ቁጥር ከተሞላ፣ የጂ ክስተት በተመዘገበ ቅጽበት ለተቀባዩ በአማርኛ አጭር መልእክት መላክ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም።

እስከዚያው ላኪዎች የተቀባዩን ሞባይል በጉምሩክ ቅጹ ላይ በትክክል ይጻፉ፤ 13ቱንም ምልክቶች ለተቀባዩ ይላኩ፤ ደረሰኛቸውንም ይያዙ። አንድ ቁጥር ቢያንስ ለ12 ወራት ለሌላ ዕቃ አይሰጥም፤ የጠፋ ጥቅል ወይም የአደራ ደብዳቤ አቤቱታ ግን የሚስተናገደው ዕቃው ከተላከ ማግስት ጀምሮ በሚቆጠር 6 ወር ውስጥ ብቻ ነው።